የሜታኖል መርዝና የማየት ነርቭ፤ የዐይን ሥዕል የሚመሰክረውና የማይመልሰው



በዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ መርዝ፣ ስለ አንድ ነርቭና ስለ አንድ ዐይነት ሥዕል እንነጋገራለን። መርዙ ሜታኖል ይባላል። ነርቩ ዐይን ያየውን ሁሉ ወደ አንጎል የሚያደርሰው የማየት ነርቭ ነው። ሥዕሉም ሐኪሞች የዐይንን ውስጣዊ ክፍል እያነሡ የሚመረምሩበት ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ መመልከታችን ያለ ምክንያት አይደለም። መርዙ ነርቩን ሲያጠፋ ሰውየው ሥቃይ ላይሰማው ይችላል፤ ሥዕሉ ግን የደረሰውን ጥፋት አንድ በአንድ ያሳያል። ዳሩ ግን ሥዕሉ ጥፋቱን ለማሳየት የሚችለውን ያህል ለመመለስ አይችልም። የንግግራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሜታኖል ምን እንደ ሆነ እንወቅ። አልኮል የሚለው ቃል ለብዙ ነገሮች የወል ስም ነው። በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ውስጥ የምናውቀው አልኮል ኤታኖል ይባላል። ሜታኖል የዚሁ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ቀድሞ እንጨትን በማጋል ይገኝ ስለ ነበረ የእንጨት አልኮል የሚል ስም ወጥቶለታል። በዛሬው ጊዜ በፋብሪካ በብዛት ይሠራል፤ ቀለም ለማቅጠን፣ የመኪና መስተዋት ማጠቢያ ፈሳሽ ለማዘጋጀት፣ ለማገዶና ሌሎች ኬሚካሎችን ለመሥራት ይውላል። በጽሕፈት ቤት ረዥም ዘመን ያገለገሉ ሰዎች እንደሚያስታውሱት፣ ቀድሞ ደብዳቤና ማስታወቂያ ይባዛባቸው ከነበሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በአልኮል ነበር፤ በዚያም ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሜታኖል ይገባበት ነበር። እንግዲህ ሜታኖል በየሥራው ቦታ የሚገኝና በሥፍራው ሲውል የሚጠቅም ነገር ነው። መርዝ የሚሆነው ከሥፍራው ወጥቶ ወደ ብርጭቆ ሲገባ ነው።

ወደ ብርጭቆ የሚገባውም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስሕተት ነው፤ ጽሑፍ በሌለበት ጠርሙስ የተቀመጠውን ፈሳሽ ሰው ሌላ መስሎት ይጠጣዋል። ሁለተኛው ተንኰል ነው፤ ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ ርካሹን ሜታኖል ከመጠጥ ጋር ደባልቆ ይሸጠዋል። ጠጪው ግን ሊለየው አይችልም። መልኩ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ሽታውና ጣዕሙም ከተለመደው አልኮል እምብዛም አይለይም። በእሳት ለኵሶ የነበልባሉን መልክ በማየት እንለየዋለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን እምነት የሚጣልበት ፈተና አይደለም፤ በተለይ ሁለቱ አልኮሎች ከተደባለቁ ነበልባሉ ምንም አይገልጥም። ከዚህም ሁሉ ጋር መጠኑ ትንሽ ሆኖ ጉዳቱ ትልቅ ነው። 10 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚያህል ንጹሕ ሜታኖል ዐይንን ለማሳወር ሊበቃ እንደሚችል በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል።

አሁን ደግሞ መርዙ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን እንከተል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ሜታኖል እንደ ተጠጣ ከማስከር በቀር ብርቱ ጉዳት አያደርስም። አደጋው የሚመጣው ጉበት ሥራውን ሲጀምር ነው። ጉበት ሜታኖልን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ፎርሚክ የሚለው ስም ጉንዳን ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ነው፤ ይህ አሲድ በአንዳንድ ጉንዳኖች መርዝ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ከጉንዳን የምትመጣው ጠብታ ቆዳን አቃጥላ ታልፋለች፤ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየሕዋሳችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የተባሉ ጥቃቅን የኀይል ማመንጫዎች አሉ፤ እነዚህም በኦክስጅን አማካይነት ለሕዋሱ ኀይል ያዘጋጃሉ። ፎርሚክ አሲድ ከማመንጫው ዋና ክፍል አንዱን ያግደዋል። እንግዲያውስ ደሙ ኦክስጅን ሳያጣ፣ ሳንባውም አየር ሳይቸግረው፣ ሕዋሱ ታፍኖ ይሞታል።

ይህ መርዝ ከአካል ክፍሎች ሁሉ ይልቅ የማየትን ነርቭ ለምን ያጠቃል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነርቩን ከአንድ ትልቅ የስልክ ገመድ ጋር ብናመሳስለው ነገሩ ይገባናል። በአንድ ዐይን የማየት ነርቭ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ክሮቹ የሚነሡት በዐይን ጀርባ ከተነጠፈው ስስ መጋረጃ፣ ሬቲና ከሚባለው ነው፤ ከዚያም በአንድ ክብ በር በኩል ተሰብስበው ከዐይን ይወጣሉ። ከበሩ በስተጀርባ እያንዳንዱ ክር እንደ ስልክ ሽቦ ሽፋን አለው፤ በሬቲናው ላይና በበሩ አጠገብ ግን ሽፋን የለውም። ሽፋን የሌለው ክር መልእክቱን ለማስተላለፍ ብዙ ኀይል ይፈልጋል፤ ስለዚህም በዚያ ሥፍራ ሚቶኮንድሪያዎች በብዛት ይገኛሉ። ኀይል አመንጪዎችን የሚያጠቃ መርዝ ሲመጣ ቀድሞ የሚጨልመው ብዙ ኀይል የሚያስፈልገው ሠፈር ነው።

አድማጮቻችን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ደግሞ የጊዜው ነገር ነው። ጉበት ሜታኖሉን ለውጦ አሲዱ እስኪጠራቀም ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያልፋል። ሰውየው አብሮ የተለመደውን አልኮል ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል። ማታ የጠጣ ሰው ጧት ተነሥቶ ራሱን ትንሽ ቢያመው የተለመደው የመጠጥ ድካም ነው ብሎ ወደ ሥራው ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና የትንፋሽ መብዛት ይመጣል። በመጨረሻም ዐይኑ ይደበዝዛል፤ ፊቱ ላይ ጭጋግ የተጋረደ ወይም በበረዶ መካከል የቆመ እንደሚመስለው ብዙ ሕሙማን ተናግረዋል። በዚህ ጊዜ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ሲበራበት አይጠብም። እንግዲህ ዝም ያለው ጊዜ የደኅንነት ምልክት ሳይሆን መርዙ የሚበስልበት ጊዜ ነው።

ወደ ሥዕሉ ጉዳይ እንለፍ። ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች የዐይንን ውስጥ ለማየት ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን የብሌኑ ቀዳዳ ሁልጊዜ ጥቍር ሆኖ ይታያቸው ነበር። ይህን ጨለማ የገለጠው የጀርመኑ ሊቅ ሔርማን ፎን ሔልምሆልትስ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. ኦፍታልሞስኮፕ የተባለውን መሣሪያ በጽሑፍ ለዓለም አስታወቀ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። መሣሪያው ብርሃንን ወደ ዐይን ውስጥ ልኮ፣ ሐኪሙ በዚያው መስመር ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን እንዲያይ ያደርገዋል። በዚህም ዘዴ ሥጋ ሳይቀደድ፣ ደም ሳይፈስ፣ በሕያው ሰው ውስጥ ነርቭንና የደም ሥሮችን ፊት ለፊት ማየት ተቻለ። ኋላም ይኸው እይታ በፎቶግራፍ እየተነሣ በመዝገብ ለመቀመጥ በቃ።

በሜታኖል የተመረዘ ሰው በዚህ መሣሪያ ሲታይ የሚገኘው ነገር እንደ ጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርቩ የሚወጣበት ክብ በር ከተለመደው ይልቅ ይቀላል፤ ጠርዙም ይደበዝዛል፤ በዙሪያው ያለው ሬቲና አብጦ ነጣ ያለ መልክ ይይዛል። ሳምንታት ሲያልፉ እብጠቱ ይወርድና በሩ ደኅና የሆነ ይመስላል። ወር ወይም ሁለት ወር ሲሆን ግን ቅላቱ ጠፍቶ እንደ ነጭ ወረቀት ይገረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም መካከሉ እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል። ይህ ጉድጓድ ግላኮማ በሚባለው የዐይን ሕመም ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሕመምተኛው የጠጣውን በእፍረት ቢደብቅና ሐኪሙም ባይጠይቅ፣ የአንዱ ሕመም ምልክት ለሌላው ተቈጥሮ ሊሳሳት ይችላል።

ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የዐይን ጀርባ ሲታይ ምንም ጉድለት ላይገኝበት ይችላል። ነርቩ መታፈን ጀምሯል፤ መልኩ ግን ገና አልተለወጠም። በዚህ ሰዓት «ዐይንህ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ለሕመምተኛው ማጽናኛ ሊሆነው አይገባም። እውነቱን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው የሜታኖልና የአሲድ መጠን ዐይን ከመናገሩ አስቀድሞ ይናገራል።

የሰው ዐይን የማይለየውን የሚለይ መሣሪያ ደግሞ በኋላ ተገኘ። በ1991 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአጭር ስሙ ኦሲቲ የሚባለውን ዘዴ አስታወቁ። አሠራሩን በምሳሌ ብንገልጠው፣ መርከበኛ ድምፅን ወደ ባሕር ጥልቅ ልኮ ከሚመለሰው ገደል ማሚቶ የባሕሩን ጥልቀት እንደሚያውቅ ያለ ነው። ልዩነቱ ኦሲቲ የሚልከው ድምፅ ሳይሆን ዐይንን የማይጎዳ ለስላሳ ብርሃን መሆኑ ነው። ብርሃን እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ መመለሻው በሰዓት አይለካም፤ ስለዚህ መሣሪያው ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደ ዐይን፣ ሁለተኛውን ወደ መስተዋት ይልካል፤ የተመለሱትንም ሁለቱን እያስተያየ እያንዳንዱ የሬቲና ንብርብር በምን ጥልቀት እንዳለ ያሰላል። ሕመምተኛው አገጩን አስደግፎ ጥቂት ሰኮንድ ያህል አንዲት ነጥብ ከመመልከት በቀር የሚደርስበት ነገር የለም። የሚገኘው ሥዕል ግን ሬቲናን በቢላዋ ቈርጦ ከጎን የማየት ያህል ነው።

የሥዕሉ ትልቅ ጥቅም መለኪያ መሆኑ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል። በጤነኛ ሰው ዐይን ውስጥ፣ በነርቩ በር ዙሪያ ያለው የነርቭ ክሮች ንብርብር ውፍረቱ በአማካይ ወደ 100 ማይክሮን ይጠጋል፤ ይህም ከራስ ጠጉር ውፍረት ብዙ የማይርቅ ነው። ሜታኖል በተመታ ዐይን ውስጥ ይህ ንብርብር በመጀመሪያ በእብጠት ምክንያት ይወፍራል። ከዚያ በኋላ እብጠቱ ወርዶ የሞቱት ክሮች እየጠፉ ሲሄዱ ይሳሳል፤ ክሮቹ የሚነሡባቸው ጋንግሊዮን የተባሉት ሕዋሳት ንብርብርም እንዲሁ ይሳሳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኘው ወፍራም ልክ የጤና ልክ አይደለም። ከመዝገብ ቤት አንድ ወረቀት ብቻ አውጥቶ የአንድን ጉዳይ ፍጻሜ መፍረድ እንደማይገባ ሁሉ፣ ከአንድ ሥዕልም የነርቭን ዕድል መፍረድ አይገባም። ሥዕሎቹ በወራትና በዓመታት ልዩነት ተነሥተው ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል።

እንዲህ ያለ ተከታታይ ምርመራ ከተደረገባቸው ሥፍራዎች አንዱ የቼክ ሪፐብሊክ ነው። በመስከረም 2012 በዚያች አገር ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ በስውር ተሠርቶ በየመሸጫው ተሠራጨ። የጠጡት ሰዎች በየሆስፒታሉ መሞትና መታወር ሲጀምሩ መንግሥቱ ከፍተኛ እርምጃ ወሰደ፤ በመስከረም 14 ቀን አልኮላቸው ከመቶ 20 በላይ የሆኑ መጠጦች በአገሩ ሁሉ እንዳይሸጡ ከለከለ። ክልከላው ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ የመጠጡን ምንጭ በወረቀት ለማስረዳት የሚያስገድድ ሥርዓት ተደንግጎ ላላ። መርዙ ግን በአሥሮች የሚቈጠሩ ሰዎችን ገድሎ አልፏል።

የፕራግ ሐኪሞች ከሞት የተረፉትን ሰዎች ዳግመኛ እየጠሩ በኦሲቲና በሌሎች መሣሪያዎች መረመሯቸው። የተገኘው ነገር ትምህርት የሚሰጥ ነው። በአንዱ ጥናት ከታዩት 50 ሰዎች መካከል 20ዎቹ ዘላቂ የማየት ጉዳት እንዳለባቸው ታወቀ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከሆስፒታል ሲሰናበቱ ጉዳታቸው ያልተመዘገበላቸው ሰዎች ነበሩ። ሆስፒታል በደረሱበት ጊዜ ደማቸው በአሲድ ይበልጥ የተበላሸባቸው ሰዎች የነርቭ ክሮቻቸው ይበልጥ ሳስተው ተገኙ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። መርዙ ከሰውነታቸው ከወጣ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሆነው ሳለ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የክሮቹ ንብርብር ከዓመት ወደ ዓመት መሳሳቱን አላቆመም ነበር። እንግዲህ ከሜታኖል የዳነ ሰው ከአልጋው ስለ ተነሣ ብቻ ነገሩ ተፈጸመ ሊባል አይገባም፤ ዐይኑ ለዓመታት ሊጠበቅለት ያስፈልጋል።

ሥዕሉ ከዐይን አልፎ ወደ አንጎልም ይደርሳል። ኤም አር አይ በተባለው የመግነጢስ መሣሪያ የተመረዙ ሰዎች አንጎል ሲነሣ፣ ፑታመን የተባለው በአንጎል መካከል በግራና በቀኝ የሚገኘው ክፍል ሞቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ ክፍል የአካልን እንቅስቃሴ የሚያስተካክል ስለ ሆነ፣ ሰውየው ከዕውርነት ሌላ የእጅ መንቀጥቀጥና የአካል መገተር ሊከተለው ይችላል።

ይህን ሁሉ ስንናገር አድማጩ «መሣሪያው ይህን ያህል ካወቀ አያድንምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ አያድንም። የሞተን የነርቭ ክር መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሥዕሉ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ የሆነውን ይናገራል እንጂ እንዳይሆን አያደርግም። ደግሞም ሥዕሉ ነርቩ መጎዳቱን እንጂ የጎዳውን መርዝ ስም አይነግረንም። ስሙን የሚነግሩን የሕመምተኛው ግልጽ ቃልና የደሙ ምርመራ ናቸው።

ሊያድን የሚችል ሕክምና ግን አለ፤ እርሱም በጊዜ ከተደረሰ ነው። የሕክምናው ብልሃት ጉበት ሜታኖሉን ወደ አሲድ እንዳይለውጥ ማገድ ነው። ይህን የሚያደርግ ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ኤታኖልን ራሱን እየለኩ ይሰጣሉ። የጉበት ለዋጭ ኀይል ሁለቱ አልኮሎች በቀረቡለት ጊዜ ኤታኖልን አስቀድሞ ይይዛልና ሜታኖሉ ሳይነካ ይቈያል። በዚህ መካከል የደሙ አሲድነት በሶዲየም ባይካርቦኔት ይታረማል፤ ከባድ በሆነም ጊዜ ደሙ በዲያሊሲስ መሣሪያ ይታጠባል። ይህን የሰማ ሰው ግን በቤቱ መጠጥ በማብዛት ራሱን አክማለሁ ብሎ እንዳይሳሳት እናስጠነቅቃለን፤ የመጠኑ ልክ በደም ምርመራ የሚጠበቅ ነውና። ወሬም መድኃኒት አይደለም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አልኮል መጠጣት ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬ በኢራን ተናፍሶ፣ ሜታኖል የጠጡ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገሮችን ይዘን እንለያይ። አንደኛ፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ዋጋው ከተለመደው እጅግ የወረደ መጠጥ በሠርግም ሆነ በስንብት ግብዣ ላይ ቢቀርብ አለመንካት ነው፤ በሥራ ቦታና በቤት ያለ ማንኛውም ኬሚካል ደግሞ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሁለተኛ፣ አጠራጣሪ መጠጥ የጠጣ ሰው ዐይኑ እስኪደበዝዝ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አብረውት የጠጡትንም ምንም ባይሰማቸው ይዞ ይሂድ፤ ሲጠየቅም ሳያፍር የጠጣውን ይናገር፤ ከተቻለም ጠርሙሱን ይዞ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ከመርዙ የዳነ ሰው ዐይኑን በየጊዜው ያስመርምር፤ የመጀመሪያውንም ሥዕል እንደ ትልቅ ሰነድ ይጠብቅ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የሰው ብልሃት በብርሃን ጨረር አንድን የነርቭ ንብርብር በማይክሮን ለመለካት ደርሷል፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ያ ንብርብር ከመሳሳቱ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰዓቶች ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣሉ። በእነዚያ ሰዓቶች የተጠቀመ ሰው በኋላ የራሱን የዐይን ሥዕል በገዛ ዐይኑ ሊያየው ይችላል፤ ያሳለፋቸው ግን ሌላ ሰው አይቶ ሊነግረው ግድ ይሆናል።